ዘንዶው ከሞተ በኋላ፦ የአርዌ ተረትና ያላጠገበው ተከታዩ

(በአዲስ ቅዳም ከተማ ለሕዝብ ከቀረበ ትምህርታዊ ንግግር የተገለበጠ፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ የተስተካከለ)



 የዛሬው ርእሰ ጉዳያችን ተረት ነው። ተረት ሲባል የማታ እሳት ዳር የልጆች ማስተኛ ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ነገር ግን ዙፋን ያቆመ ተረት አለ፤ ከዙፋን ያገለለ ተረትም አለ። እኔ ዛሬ የማነሣው የሀገራችን የነገሥታት ዝርዝር በመጀመሪያው መስመር ላይ ያስቀመጠውን ዘንዶ፣ ዘንዶውን የገደለውን ሰው፣ ይልቁንም ዘንዶው ከሞተ በኋላ የተተረከውን ተከታይ ታሪክ ነው።

የምሟገተው አንድ ነገር ነው። የመጀመሪያው ተረት፣ ማለትም የአርዌ ተረት፣ ሥልጣን በሥራና በስምምነት እንደሚገኝ ይናገራል። ተከታዩ ደግሞ ሥልጣን በዘር እንደሚወረስ ይናገራል። በሁለቱ መካከል አንድ ትልቅ ጥያቄ ሳይመለስ ቀርቷል። ይህ ጥያቄ በአገው ምድር ለተቀመጥን ሰዎች ከሌላው ይልቅ ይቀርበናል፤ ለምን እንደሚቀርበን እየሄድን እናየዋለን።

ስለ ክፍል ሁለት

ወጣቶች «ክፍል ሁለት» የሚባለውን ነገር በሚገባ ታውቁታላችሁ። አንድ መጽሐፍ ልብን ይሰቅልና ያልቃል፤ አንባቢው ተከታዩን ይጠብቃል፤ ተከታዩ ሲመጣ ግን አንዳንድ ጊዜ የተጠበቀው አይሆንም። አንባቢው ቅር የሚሰኘው ሁልጊዜ ጽሕፈቱ ስለ ደከመ አይደለም። ቋንቋው ያማረ፣ ገጹም የበዛ ሆኖ ሳለ የሚያሳዝን ተከታይ አለ። የሚያሳዝነው የመጀመሪያው መጽሐፍ ያነሣውን ጥያቄ ትቶ ሌላ ጥያቄ ሲመልስ ነው።

ከውጭው ዓለም ሁለት ምሳሌዎችን ላንሣ፤ ሁለቱም የዘንዶ መጻሕፍት ናቸው። እንግሊዛዊው ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1937 «ሆቢት» የተባለውን የልጆች መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ስማውግ የተባለ ዘንዶ በወርቅ ክምር ላይ ተኝቶ ይገኛል። ዘንዶው በቀስት ተመትቶ ይሞታል፤ ታሪኩ ግን በዚያ አያበቃም። ዘንዶው በሞተ ማግስት ወርቁ የማን ነው በሚል ጠብ ተነሥቶ ወደ ጦርነት ያመራል። ደራሲው ያኔውኑ አንድ ቁም ነገር አይቶ ነበር፤ ዘንዶው ሲሞት የዘንዶው ሀብትና መቀመጫ ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ የሰው ፈተና የሚጀምረውም ከዚያ ነው። አሳታሚው ተከታይ እንዲጽፍ ጠየቀው። ተከታዩ ሦስት ቅጽ ሆኖ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 ነው፤ መጽሐፉም ከልጆች መጽሐፍነት አልፎ ሌላ ነገር ሆነ። ለዚያም ደግሞ ተከታይ ጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን ጥቂት ገጾች ከጻፈ በኋላ ሊጻፍ የሚገባው አይደለም ብሎ ተወው። የሚናገረው ሲያጣ ብዕሩን ማስቀመጥ የቻለ ደራሲ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ለዘመናችን ይቀርባል። ክሪስቶፈር ፓኦሊኒ የተባለ አሜሪካዊ በ15 ዓመቱ «ኤራጎን» የተሰኘ ልቦለድ መጻፍ ጀመረ። መጽሐፉ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2002 በቤተሰቡ አማካይነት፣ በ2003 ደግሞ በትልቅ አሳታሚ ታተመ። ታሪኩ በእርሻ ቦታ ያደገ ልጅ የዘንዶ ዕንቁላል አግኝቶ ከጨካኝ ንጉሥ ጋር ስለ መፋለሙ ነው። ብዙ ወጣቶች ልጁን የወደዱት ከገበሬ ቤት ስለ ተነሣ ነበር፤ ማንም ሊሆን ይችል ነበርና። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ሁለተኛው መጽሐፍ ሰፊውን ክፍል በልጁ ሥልጠና ላይ ያውላል፤ ከጨካኙ ንጉሥ ጋር የሚደረገውን ፍልሚያ ወደ ፊት ይገፋል። በመጨረሻው ደግሞ ልጁ ተራ የገበሬ ልጅ ሳይሆን የአንድ ስመ ጥር የዘንዶ ጋላቢ ልጅ እንደሆነ ይነገረዋል። አባቱ ማን እንደሆነ በሦስተኛው መጽሐፍ ቢታረምም፣ የደም ነገር ግን አልቀረም። እዚህ ላይ ልብ በሉ። በመጀመሪያው መጽሐፍ ልጁን ታላቅ ያደረገው የሠራው ሥራ ነበር፤ በሁለተኛው ከማን እንደ ተወለደ ተጨመረበት።

ይህን ያነሣሁት ባዕድ መጽሐፍ ለመንቀፍ አይደለም። ከሥራ ወደ ዘር የሚደረገው ይህ ሽግግር በእኛው ታሪክ ውስጥ ከሰባት መቶ ዓመት በፊት በጽሑፍ መፈጸሙን ለማሳየት ነው።

የመጀመሪያው ክፍል፦ አርዌ

«አርዌ» በግእዝ አውሬ ማለት ነው፤ «አርዌ ምድር» ሲባል ደግሞ እባብ ነው። በቆየው ትውፊት መሠረት በጥንት ዘመን ይህችን ሀገር የሚገዛት ዘንዶ ነበር። አንዳንድ የነገሥታት ዝርዝሮች አርዌ 400 ዓመት ነገሠ ይላሉ። ሕዝቡ ለዘንዶው ይገብር ነበር፤ ግብሩም ከብትና ልጃገረዶች ነበሩ።

ከዚያ አጋቦስ ወይም አንጋቦ የተባለ ሰው ይመጣል። ስለ አባቱ የሚነገር ነገር የለም፤ ስለ ትውልዱ አይጠየቅም። የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዘንዶውን ትገድለዋለህን? እሱም በምላሹ ይጠይቃል፦ ብገድለው ታነግሡኛላችሁን? ሕዝቡ ይስማማል። አጋቦስ ከዕፅ መርዝ ቀምሞ ለፍየል ያበላል፤ ፍየሏን ለዘንዶው ያቀርባል፤ ዘንዶው ውጧት ይሞታል፤ አጋቦስም ራሱን ይቆርጣል። ሕዝቡ ቃሉን ጠብቆ ያነግሠዋል።

በዚህ አጭር ተረት ውስጥ አራት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ንጉሡ የመጣው ከሕዝቡ ችግር ነው እንጂ ከንጉሥ ወገብ አይደለም። ሁለተኛ፣ ንግሥናው በውል ላይ የቆመ ነው፤ ሥራ በአንድ ወገን፣ ዙፋን በሌላ ወገን። ሦስተኛ፣ ድሉ የጉልበት ሳይሆን የብልሃት ነው፤ ሰውየው ዘንዶውን ያሸነፈው በዘንዶው ሆዳምነት ነው። አራተኛ፣ የውሉ ፍሬ ነገር የግብሩ መቅረት ነው። ሕዝቡ ንጉሥ ስላማረው አይደለም አጋቦስን ያነገሠው፤ ልጆቹን ከመገበር እንዲያድነው ነው።

እንግዲህ ማንኛውም ልጅ ይህን ተረት ሰምቶ የሚጠይቀው ጥያቄ ይታወቃል፦ ከዚያስ? አጋቦስ ሲነግሥ ምን አደረገ? ግብሩ ቀረ ወይስ መልኩን ለወጠ? በዘንዶው መቀመጫ ላይ የተቀመጠ ሰው ዘንዶ እንዳይሆን ምን ይከለክለዋል?

ዝርዝሮቹ ለዚህ መልስ የላቸውም። አርዌንም አጋቦስንም በአንድ ረድፍ ከነገሥታት ይቆጥራሉ፤ ለእያንዳንዱ የዓመት ቁጥር ይሰጣሉ፤ ያልፋሉ። በላተኛውና ገዳዩ በአንድ ዓምድ ላይ በቁጥር ተለይተው ብቻ ይታያሉ። ምናልባት ይህ ዝምታ ራሱ የሚናገረው ነገር አለ፤ ለተረቱ ጠያቂ ልጅ ግን ዝምታ መልስ አይሆነውም።

ሁለተኛው ክፍል፦ ማክዳ

ከአጋቦስ በኋላ ትረካው ወደ ንግሥተ ሳባ ይሻገራል። በአንዳንዱ ትውፊት ማክዳ የአጋቦስ ልጅ ናት፤ በአንዳንዱ ዝርዝር ደግሞ በመካከላቸው ሌሎች ነገሥታት ይገባሉ። ያም ሆነ ይህ የዘንዶው ታሪክ ተከታይ የእሷ ታሪክ ሆነ።

የእሷን ታሪክ በሙላት የያዘው «ክብረ ነገሥት» ነው። መጽሐፉ አሁን ባለው የግእዝ መልኩ የተዘጋጀው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሲሆን፣ በመጨረሻው ላይ የአክሱሙ ይስሐቅ የሥራው መሪ ሆኖ ተጠቅሷል። ነጋዴው ታምሪን ስለ ሰሎሞን ጥበብ ለንግሥቲቱ ይነግራታል፤ እሷም ወደ ኢየሩሳሌም ትሄዳለች፤ ከሰሎሞን ምኒልክን ትወልዳለች፤ ምኒልክም አድጎ አባቱን ጎብኝቶ ሲመለስ ታቦተ ጽዮን ወደ ኢትዮጵያ ትመጣለች። መጽሐፉ ሀገሪቱን በቅዱሳት መጻሕፍት ታሪክ መካከል አስቀምጧታል፤ ለብዙ ትውልድም የኩራትና የእምነት መሠረት ሆኗል። የሥነ ጽሑፍ ክብደቱንም የሚክድ የለም።

አንድ ሰው እዚህ ላይ ሊቃወመኝ ይችላል። «የአርዌ ተረትና ክብረ ነገሥት በአንድ ደራሲ አልተጻፉም፤ አንዱ የሕዝብ ትውፊት፣ ሌላው የቤተ ክህነትና የቤተ መንግሥት መጽሐፍ ነው፤ አንዱን የሌላው ተከታይ ማለት እንዴት ይገባል?» ሊል ይችላል። ተቃውሞው ቦታ አለው። ነገር ግን ሁለቱን ያያያዝኳቸው እኔ አይደለሁም። የነገሥታቱ ዝርዝሮች አያይዘዋቸዋል፤ ተራኪዎች አያይዘዋቸዋል፤ በኋላ እንደምናየው ሠዓሊዎችም በአንድ ሸራ ላይ አስቀምጠዋቸዋል። ለዘመናት ሰሚው ሁለቱን እንደ አንድ ታሪክ ክፍል አንድና ክፍል ሁለት አድርጎ ሰምቷቸዋል። ስለዚህ እንደ አንድ ታሪክ ልንጠይቃቸው ይገባል።

እንደ አንድ ታሪክ ስንጠይቃቸው ግን ክፍል ሁለት የክፍል አንድን ጥያቄ አይመልስም። ግብሩ ቀረ ወይ ብለን ስንጠይቅ፣ መልሱ ንጉሡ የማን ልጅ እንደሆነ የሚናገር ይሆናል። ውሉ ተጠበቀ ወይ ስንል፣ ደሙ ንጹሕ ነው ይለናል። አጋቦስን የጠየቀ ሕዝብ ነበር፤ በምኒልክ ታሪክ ውስጥ ሕዝቡ ጠያቂ መሆኑ ቀርቶ ተቀባይ ሆኗል።

ሌላም ነገር አለ። ማክዳ ራሷ ጥበበኛ ገዥ ሆና ሳለ፣ በክብረ ነገሥት ትረካ መሠረት ከእርሷ በኋላ ሴት እንዳትነግሥ መኳንንቱን ታስምላለች። አስቡት፤ የታሪኩ ዋና ሰው የሆነች ሴት በታሪኩ መጨረሻ በሩን በራሷ እጅ በሌሎች ሴቶች ላይ ትዘጋለች። ይህን የምትሰማ ልጃገረድ ተከታዩ አሳዘነኝ ብትል ማን ይፈርድባታል?

የተዘጋባቸው ሰዎች

አሁን ወደ ራሳችን ምድር እንቅረብ። ክብረ ነገሥት አሁን ባለው መልኩ የወጣው ይኩኖ አምላክ እ.ኤ.አ. በ1270 የዛጉዌን ሥርወ መንግሥት ተክቶ ከነገሠ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ ነው። የዛጉዌ ነገሥታት አገው ነበሩ፤ መቀመጫቸውም ላስታ ነበር። በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ያለው ማስታወሻ መጽሐፉ በዛጉዌ ዘመን ወደ ግእዝ ሳይመለስ ስለ ቀረበት ምክንያት ይናገራል፤ ምክንያቱም መጽሐፉ ከእስራኤል ወገን ያልሆኑ ነገሥታትን ከሕግ ውጭ አድርጎ ስለሚያይ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ክፍል ሁለት በወጣበት ቀን ከታሪኩ ማን እንደሚወጣም ተወሰነ።

ይህ የአዊን ምድር ለምን ይመለከታል? የሰባቱ ቤት አገው አባቶች ከላስታና ከዋግ ወገን እንደ መጡ በትውፊት ይነገራል። ታላቁ የታሪክ ምሁር ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት የአገውን ሕዝብ ታሪክ ለኢትዮጵያ ሕዝቦች መስተጋብርና ውህደት ዋና ማሳያ አድርገው መርምረውታል። አገው በዚህች ሀገር ምሥረታ ዳር ቆሞ የተመለከተ ሕዝብ አይደለም። ነገር ግን በትምህርት ቤት የታሪክ ንባባችን ውስጥ ዛጉዌ በሁለት የሰሎሞን ዘመኖች መካከል የገባ ቅንፍ ይመስላል። ቅንፉን የሠራው ተከታዩ መጽሐፍ ነው።

በመጀመሪያው ተረት መለኪያ ብንመዝናቸውስ? የአጋቦስ መለኪያ «ምን ሠራህ?» የሚል ነበር። በዚህ መለኪያ የላስታ ነገሥታት ለመናገር አያፍሩም። ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተፈለፈሉት የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ዛሬም ቆመው ይመሰክራሉ። ቤተ ክርስቲያንም ይምርሐነ ክርስቶስን፣ ላሊበላንና ነአኵቶ ለአብን ከቅዱሳን ቆጥራ ታከብራቸዋለች። ይህ ነገር ሊያስደንቀን ይገባል፤ በዘር መዝገብ ቦታ የተነፈጉትን ሰዎች ያው የሃይማኖት ማኅበረሰብ በሥራቸው ምክንያት በቅድስና መዝገብ አስፍሯቸዋል። ክፍል ሁለት የነፈጋቸውን ሥራቸው መልሶ ሰጣቸው።

የሚያሳዝነው ሌላው ገጽታ የተገለሉት ወገኖች የሰጡት መልስ ነው። ስለ ዛጉዌ ትውልድ የሚነገሩ ትውፊቶች አሉ። አንዱ ከነቢዩ ሙሴ ኢትዮጵያዊት ሚስት ያወርዳቸዋል። ሌላው ሰሎሞን ከንግሥቲቱ አገልጋይ ከወለደው ልጅ ያወርዳቸዋል። ሁለቱም የዘር መልሶች ናቸው። የአጋቦስ ተረት እዚያው በእጃቸው ነበር፤ «እኛም በሥራችን ነገሥን» ማለት ይቻል ነበር። ግን የተከታዩ ጥያቄ ገዥ ስለ ሆነ የተገለለውም ሰው መልሱን በዚያው ጥያቄ ውስጥ ፈለገ። አንድ ትረካ ያሸነፈ መሆኑ የሚታወቀው ተቃዋሚዎቹም በእርሱ ቋንቋ ሲከራከሩ ነው።

ይህ ትረካ በመጨረሻ ሕግ ሆነ። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥትም፣ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለውም የዙፋኑን ውርስ ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ በሚወርድ ዘር ላይ አቆሙት። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መካከል አንድ ተከታይ ታሪክ በሕግ አንቀጽ ውስጥ ተጽፎ ተገኘ። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ያ አንቀጽ ቀረ። የዘንዶው ተረት ግን በሌላ መልክ ተመለሰ፤ ሥርዓት በተለወጠ ቁጥር ያለፈው በላተኛ አውሬ፣ የመጣው ገዳዩ ጀግና ሆኖ መሣሉ የተለመደ ሆነ። የድል በዓሉ በየጊዜው ይከበራል። «ከዚያስ?» የሚለው የልጁ ጥያቄ ግን አሁንም እንደ ቆመ ነው።

የተሻሉ ተከታዮች

ትረካችን ይህን አንድ ተከታይ ብቻ የያዘ ቢሆን ኖሮ ንግግሬን በቅሬታ በጨረስኩ ነበር። ግን አይደለም። ሕዝቡ ለዘንዶው ታሪክ ሌሎች ተከታዮችንም አበጅቷል፤ ሦስቱን ላንሣ።

የመጀመሪያው ጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ ኤኖ ሊትማን እ.ኤ.አ. በ1904 ያሳተመው፣ በትግረ ቋንቋ የተተረከው የአክሱም ትውፊት ነው። በዚህ ትረካ እትዬ አዜብ የተባለች ልጃገረድ ተራዋ ደርሶ ለዘንዶው ግብር ትሆን ዘንድ ከዛፍ ጋር ትታሰራለች። ሰባት ቅዱሳን ከዛፉ ጥላ ሥር ዐርፈው ሳለ እንባዋ ይንጠባጠብባቸዋል። ዘንዶው ሲመጣ በመስቀል ኃይል ይገድሉታል፤ ነገር ግን የዘንዶው ደም ተረከዟ ላይ ይፈስና እግሯ የአህያ ኮቴ ይሆናል። ወደ መንደሯ ስትመለስ ሰዎቹ ከዘንዶው ያመለጠች መስሏቸው ያባርሯታል። በማግስቱ የሞተውን ዘንዶ ስታሳያቸው ያነግሧታል። ወደ ሰሎሞን የምትሄደውም እግሯ እንዲፈወስ ነው፤ የቤቱን ደፍ ስትሻገር ትድናለች።

የዚህ ትረካ ብልህነት ምን ላይ ነው? ዘንዶው ሞቶም አሻራው በገዥዋ አካል ላይ ይቀራል። የድሮው ጨካኝ ደም በአዲሲቱ ንግሥት እግር ላይ አለ፤ እሷም ታውቀዋለች፤ መፍትሔ ፍለጋም ትሄዳለች። ክፍል ሁለት ከክፍል አንድ የሚወለደው እንዲህ ነው። የንግሥቲቱ ጉዞ የጥበብ ፍለጋ ብቻ ሳይሆን የቁስል ነገር ነው። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ በዚህ ትረካ የዘንዶው ግብር የነበረችው ልጅ ራሷ ገዥ ትሆናለች፤ የግብርን ምሬት የሚያውቅ ሰው በዙፋኑ ላይ ይቀመጣል። የሞት ተራ የደረሰው ሰው የሌላውን ተራ ይረሳል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል።

ሁለተኛው የሠዓሊዎች ሥራ ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአዲስ አበባ የገበያ ሥዕል እየሰፋ ሲመጣ፣ እንደ በላቸው ይመር ያሉ ሠዓሊዎች የንግሥተ ሳባን ታሪክ በተከታታይ ትንንሽ ሥዕሎች ከፋፍለው በአንድ ሸራ ላይ ይሥሉ ነበር። ብዙ ጊዜ የሥዕሎቹ ቁጥር 44 ይደርሳል። ክብረ ነገሥት ታሪኩን ከንግሥቲቱ ሲጀምር፣ እነዚህ ሸራዎች ግን ከዘንዶው ይጀምራሉ። ሕዝቡ ሲገብር ይታያል፤ አጋቦስ ፍየሏን ሲያቀርብ ይታያል፤ የዘንዶው ራስ ሲቆረጥ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ነው ንግሥቲቱ የምትመጣው። ሸራውን ከግራ ወደ ቀኝ የሚያነብ ሰው የምኒልክ ዙፋን መጀመሪያው ላይ የአንድ ተራ ሰው ብልሃትና የሕዝብ ስምምነት መኖሩን ያያል። ሠዓሊው በቃል አልተከራከረም፤ መጽሐፉ የተወውን ክፍል ቦታው ላይ መልሶ አስቀመጠው።

ሦስተኛው ለሁላችሁም በጣም የቀረበ ነው። ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል በእንጅባራ ይከበራል። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. እንደ ተመሠረተና የዓድዋን ዘማቾችና ፈረሶቻቸውን እንደሚዘክር ይነገራል። በዓሉ የሚውለው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን ነው፤ በሥዕል የምናውቀው ጊዮርጊስ ደግሞ በነጭ ፈረስ ላይ ሆኖ ዘንዶ የሚወጋው ነው። በሀገራችን ሥዕሎች ብሩታዊት የምትባለው ልጃገረድ ብዙ ጊዜ ዛፍ ላይ ሆና ትታያለች። ከእትዬ አዜብ ዛፍ ጋር ያላት ዝምድና ለማንም ግልጽ ነው።

የታሪክ አጥኚዎች እንደሚነግሩን ስለ ቅዱስ ጊዮርጊስ የተጻፉት ጥንታውያን ጽሑፎች ስለ ሰማዕትነቱ የሚናገሩ ናቸው፤ የዘንዶው ትረካ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የተጨመረ ነው። እንግዲህ እዚህ ላይ ነገሩ ተገልብጧል፤ ተከታዩ ቀድሞ ተጽፎ፣ የመጀመሪያው ክፍል በኋላ መጣ። ሁለቱ ግን ይስማማሉ። ጊዮርጊስ ዘንዶውን ገድሎ ልጅቱን ለወላጆቿ ይመልሳል እንጂ በዘንዶው ቦታ አይቀመጥም። ታሪኩ ሲቀጥል የምናገኘው ንጉሥ ሆኖ ሳይሆን በነገሥታት ፊት ቆሞ እውነትን ሲመሰክር ነው። አጋቦስ ሳይመልሰው የቀረውን ጥያቄ ይህ ፈረሰኛ በራሱ መንገድ መልሶታል፤ ዘንዶ የሚገድል ሰው ሁሉ የግድ ዙፋን መውሰድ የለበትም።

የአዊ ፈረሰኛ በዚያ ቀን ሲወጣ ያጌጠው ፈረሱ እንጂ ዘውድ አይደለም። ገበሬ ነው፤ በማግስቱ ወደ እርሻው ይመለሳል። ለሀገር የዘመተ፣ ከዘመተ በኋላም ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው መታሰቢያ ነው። እኔ ይህን በዓል ለዘንዶው ታሪክ ከተሰጡት ተከታዮች ሁሉ የላቀው አድርጌ አየዋለሁ። ማንም «የማን ዘር ነህ?» ብሎ አያስገባውም፤ ፈረሱን ጭኖ ከወገኖቹ ጋር መውጣቱ ይበቃዋል።

ምን እናድርግ?

ተማሪዎች፣ ከዚህ ንግግር ሦስት ነገሮችን ይዛችሁ ብትሄዱ ደስ ይለኛል።

አንደኛው፣ የአርዌን ተረትና የንግሥተ ሳባን ታሪክ አብራችሁ አንብቡ። መምህራንም ሲያስተምሩ ሁለቱን አይለያዩአቸው። ዘንዶውን ትተን ከማክዳ ብቻ ከጀመርን፣ ሥልጣን ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ውርስ ይመስለናል። ከዘንዶው ስንጀምር ግን ከዘር በፊት ውል እንደ ነበረ እናያለን፤ ታሪክም ተረትም ይህን አይተው ነበር።

ሁለተኛው፣ በየቤታችሁ ያሉትን አያቶች ጠይቁ። በአዊኛም በአማርኛም ስለ ዘንዶ፣ ስለ ምንጭ፣ ስለ ሐይቅ የሚተረከውን መዝግቡ። መዝጋቢ ያላገኘ ተረት ከተራኪው ጋር ወደ መቃብር ይወርዳል። ሊትማን ያሳተመው ትረካ ዛሬ ለዓለም የደረሰው አንድ ሰው ተቀምጦ ስለ ሰማና ስለ ጻፈ ነው። በስሟ ቅዳሜን የያዘችው ይህች ከተማ በየገበያ ቀኑ ከዙሪያዋ ሰው ትሰበስባለች፤ ከእህልና ከከብት ጋር ስንት ተረት ወደ ገበያው ወጥቶ ሳይመዘገብ እንደሚመለስ አስቡት።

ሦስተኛው፣ መጻፍ የምትወዱ ወጣቶች ተከታዩን እናንተ ጻፉት። የባዕድ ዘንዶዎችን ታሪክ ማንበብ ነውር አይደለም፤ እኔም አነባለሁ። ነገር ግን የዓለም ደራስያን የሚመኙት ዓይነት መነሻ በእጃችሁ ነው። አጋቦስ የነገሠበት የመጀመሪያው ዓመት እስካሁን አልተተረከም። ሕዝቡ ከውሉ በኋላ ምን ጠየቀ? አዲሱ ንጉሥ የዘንዶውን የከብት በረት ባዶ ሆኖ ሲያየው ምን አሰበ? የሚቀጥለው ልጃገረድ ተራ መቅረቱን ማን ነገራት? እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልስ መጽሐፍ ቢጻፍ፣ ያ መጽሐፍ ለልጆች ብቻ አይሆንም።

አንድ ሰው ዘንዶ ገድያለሁ ብሎ በፊታችሁ ሲቆም፣ ከእልልታው ቀጥሎ ጠይቁት፦ ግብሩስ ቀረ? የታሪክ ትምህርት ለአንድ ዜጋ ሌላ ምንም ባይሰጠው ይህን ጥያቄ ቢሰጠው ይበቃል።